እርማት፦ ሲቲ ስካን ከራዶን ቀመር በቀጥታ አልተወለደም

«ራዶን እ.ኤ.አ. በ1917 ቀመሩን አወጣ፤ ኢንጂነሮች ወስደው ሲቲ ስካን ሠሩበት» ያልከው በየቦታው የሚደጋገም ስህተት ነው። ቀመሩ እውነት ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ዮሃን ራዶን፣ በአንድ ነገር ውስጥ በየአቅጣጫው ከሚያልፉ መስመሮች ልኬት የነገሩን ውስጥ መልሶ ማግኘት እንደሚቻል ያሳየበት ነው። የማሽኑ ፈጣሪዎች ግን አላዩትም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ አላን ኮርማክ ያንኑ ችግር እንደ አዲስ ፈትቶ በ1963 እና በ1964 ሲያሳትም ስለ ራዶን አያውቅም፤ ጽሑፉንም ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

የእንግሊዙ ኩባንያ የኢኤምአይ (EMI) ኢንጂነር ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ በቀመር ሳይሆን በቁጥር ነው የሄደው። የታካሚውን ጭንቅላት አንድ ቁራጭ 80 በ80 ካሬ አድርጎ ከፋፈለ፤ 6,400 ያልታወቁ ቁጥሮች (እያንዳንዱ ካሬ ምን ያህል ኤክስሬይ እንደሚውጥ) ማለት ነው። ከ180 አቅጣጫ፣ በየአቅጣጫው 160 ልኬት፣ በድምሩ 28,800። ስሌቱ ከግምት ይነሳል፤ ግምቱን ከልኬቱ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነቱን ጨረሩ ባለፈባቸው ካሬዎች ላይ ያከፋፍላል፤ ከዚያ እንደገና። ታካሚው መሃል ላይ ከተነቃነቀ እኩልታዎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ምስሉም ጭረት በጭረት ይሆናል። (ጭንቅላቱ ዙሪያውን በውሃ ይከበብ የነበረውም መቀበያው የሚደርሰው የጨረር መጠን ከልክ በላይ እንዳይለዋወጥ ነው።)

የመጀመሪያው ታካሚ በ1971 ታየ። ከራዶን ቀመር ጋር በሒሳብ የሚዛመደው፣ ልኬቱን አጣርቶ መልሶ የሚዘረጋው ፈጣን ስሌት ወደ ማሽኖቹ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።