ጅብ የለም እያለ የሚያድር ውሻ

ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ላይ ጭብጨባ ነበር። ዳሽቦርዱ (የሥራችንን ቁጥሮች በግራፍ የሚያሳየው ገጽ) ላይ ያለው መስመር 11 ቀን ሙሉ ውልፍት አላለም። አለቃ ፊቱ በራ። «መረጋጋት ማለት ይሄ ነው!» አለ። መስመሩ የተረጋጋው ግን ቁጥሩን በየሌሊቱ 8 ሰዓት የሚያመጣው ኩዌሪ፣ ማለትም ዳታቤዙን «ቁጥሩን ስጠኝ» የሚለው ትእዛዝ፣ ከሞተ 11 ቀን ስለሞላው ነው። ሬሳም እኮ የተረጋጋ ነው።

«አለርት (የማስጠንቀቂያ መልእክት) አልነበረውም?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ኧረ ነበረው! የአለርት ድሃ ማን አለ? 40 ኩዌሪ አለን፤ አብዛኞቹ በየ15 ደቂቃው ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸው በጨረሱ ቁጥር «ተሳክቷል» የሚል ኢሜይል ይልካሉ። አንዱ ብቻውን በቀን 96 ይልካል። ቀሪውን እናንተ አባዙት። ከዚህ ሁሉ የምሥራች መሐል አንዷ ኢሜይል ስትቀር የሚያስተውል ካለ እሱ ሰው አይደለም፣ መልአክ ነው።

አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ ሰነፉን ውሻ መተቸታቸው ነበር። የኛን ትጉህ ውሻ ስላላዩ ነው። የኛ ገና ሳይመሽ ይጀምራል። «ጅብ የለም!» ከ15 ደቂቃ በኋላ፦ «አሁንም ጅብ የለም!» ጎረቤት የመጀመሪያ ቀን ባትሪ ይዞ ይወጣል። በሳምንቱ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል። በወሩ ቤት ይቀይራል። ባለቤቱ ግን በውሻው ኮርቷል። እንዲያውም የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደጮኸ የሚቆጥር ሁለተኛ ውሻ ገዛ። ሁለተኛው ቆጥሮ ሲጨርስ ይጮሃል። ከዚያ አንድ ሌሊት ጸጥ አለ። ሰፈሩ ሁሉ «እፎይ» ብሎ ተኛ። ጅቡ መጀመሪያ የበላው ውሻውን ነበራ!

የኛም እንዲሁ ነው። አለርቱ የተጻፈው ኩዌሪውን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የስክሪፕቱ፣ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ ስክሪፕቱ አይነሳም፤ ስክሪፕቱ ካልተነሳ የሚጮህ የለም። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ጠባቂ «እስከ 8፡30 ድምፅህን ካልሰማሁ እጮሃለሁ» ቢል በቂ ነበር። ግን ይሄ ቀላል ነው፤ ቀላል ነገር ደግሞ ስብሰባ ላይ አያስጨበጭብም። ዜሮ ረድፍ አምጥቶ «ተሳክቷል» የሚለውን ኩዌሪማ ተዉት። እሱ እውነቱን ነው፤ ምንም ማምጣት ተሳክቶለታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ስመ ጥር የሶፍትዌር ድርጅት ዳታቤዙ በስህተት ሲጠፋበት ወደ ባክአፑ፣ ወደ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ሮጠ። ባክአፑ ለካ ሲከሽፍ ከርሟል። አለርትም ይላክ ነበር፤ ተቀባዩ ሰርቨር ኢሜይሎቹን አልቀበልም እያለ ይጥላቸዋል እንጂ። የ6 ሰዓት ገደማ ዳታ ቀልጦ ቀረ። እነሱስ ቢያንስ ጉዳቸውን በአደባባይ ተናገሩ።

አንተ ግን፣ ኮዱ መጨረሻ ላይ «ስህተት ቢመጣም ተሳክቷል በል» የሚል መስመር የምትለጥፈው፣ አንተን ማሞገስ አቃተኝ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ውሸት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተቀስቅሳ የ11 ቀን ዳታ ቀን በቀን መልሳ የምትሞላው ልጅ አንተ አይደለህም። «ለምን ቶሎ አላየሽም?» የምትባለውም እሷው ናት።

ሌሎቻችሁን ግን ላመስግን። አለርቱን ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ በለቀቀ ሰው ኢሜይል ላይ ያስመዘገባችሁ፣ ይመቻችሁ። አለርቱ የሚመጣበትን ቻናል ድምፁን አጥፍታችሁ «እኔ እከታተላለሁ» የምትሉም እንዲሁ።

የሰኞው ስብሰባ በውሳኔ ተዘጋ። ከእንግዲህ አንድ ኩዌሪ ሲሳካ ሁለት ኢሜይል ይላካል፤ ሁለተኛው ለእኔ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ኢሜይሎቹ 6 ነበሩ፣ አሁን 31 ደርሰዋል። ሁሉም «ተሳክቷል» ይላሉ። አሁን ፎልደር ከፈትኩላቸው።