መኪናዋን ጠላሁ፤ ብድሩ ግን አልለቀቀኝም

ቱሉ ዲምቱ፣ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። ሊብሬዋ በስሜ ነው፤ በየወሩ 25,393 ብር የምከፍልባትም እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ግን እንደ ድሮዬ ታክሲ ተሰልፌ ወደ ቃሊቲ እሄዳለሁ። መኪናዋን አልወደድኳትም።

ይህን ጮክ ብሎ መናገር ያሳፍራል። እዚህ ሰፈር መኪና የሌለው ሰው በዝናብ ቀን ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም ስለምናውቅ፣ መኪና ይዞ ማማረር ጥጋብ ይመስላል። የእኔ ግን ጥጋብ አይደለም። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከቆጣሪዬ እስከ መኪና ማቆሚያው ገመድ ልዘርጋ ብል ጎረቤቶቼ አልፈቀዱም፤ ልጆች በሚሮጡበት ደረጃ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ አይለፍ ማለታቸውም ትክክል ነው። ስለዚህ ቻርጅ ለማድረግ ርቄ ሄጄ ወረፋ እጠብቃለሁ። ከዋናው አስፋልት ወደ ብሎካችን በሚያስገባው መንገድ ላይ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ይነካል፤ ክረምት ሲገባ ይብሳል። አማቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከኋላ ወንበር ላይ ተነስተው መውረድ አይችሉም። ለመግዛት የቸኮልነው እርሳቸውን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ነበር።

ቸኩለናል፤ አልክድም። በ2016 አጋማሽ ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ «ዛሬ ያልገዛ ነገ አይደርስበትም» የማይል ሰው አልነበረም። መኪናዋን የሞከርኳት ቦሌ፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

ዓመት ሲሞላ ወደ አበደረኝ ባንክ ሄጄ ከውሉ መውጣት እንደምፈልግ ተናገርኩ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና አዳመጠኝና ውሉን ገልጦ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለበት አሳየኝ። ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው ይላል። መኪናዋ የተደበቀ ጉድለት ቢኖርባት ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ያለው ክፍል ሻጩን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የእኔ መኪና ግን ምንም አልሆነችም፤ ለኑሮዬ ብቻ አልሆነችም። ይህን የሚያውቅ አንቀጽ የለም።

«ቁልፉን ላስረክባቸው፣ ይውሰዷት» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ብዙ ሰው መኪናው ሲወሰድ ዕዳውም አብሮ የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። በሕጉ መሠረት ባንኩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሐራጁ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው እኔው ላይ ይቆያል።

ስንት ቀረብኝ? የተበደርኩት 1,000,000 ብር ነው፤ በ18 በመቶ ወለድ፣ በአምስት ዓመት የሚከፈል። በአሥራ ሁለት ወር ወደ 304,700 ብር ከፍያለሁ። ከዚህ ውስጥ ወደ 169,200 ብር የሚሆነው ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የቀነሰልኝ 135,500 ብር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አሁንም ወደ 864,500 ብር ይፈለግብኛል። ስፈርም ወርኃዊ ክፍያው ተነግሮኝ ነበር። በዓመቱ ልውጣ ብል ስንት እንደሚቀረኝ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሰፈር ውስጥ ይህን ችግር የሚፈታ አንድ መንገድ አለ፤ ደላሎቹ ቀድመው የሚነግሩህም እርሱን ነው። በውክልና ሽጠው ይሉሃል። ገዢው የተወሰነ ገንዘብ ይሰጥሃል፣ ውልና ማስረጃ ሄደህ ውክልና ትሰጠዋለህ፣ ወርኃዊውን ክፍያ እርሱ በስምህ ይከፍላል፣ ዕዳው ሲያልቅ ስም ይዛወራል። ቀላል ይመስላል። እኛ ብሎክ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ እንዲህ አድርጎ ሸጠ። ገዢው ስድስት ወር ከፍሎ አቆመ፤ ከዚያ መኪናው ሰው ገጨ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ጎረቤቴ ነበር። ባንኩም የሚፈልገው እርሱን ነው። ገዢውም ቢሆን አይተርፍም፤ ውክልና ይሻራል፣ ወካዩ ሲሞትም ይቀራል፤ ያን ጊዜ ስንት ወር የከፈለበትን መኪና ከወራሾች ጋር ሊከራከርበት ነው። ሁለቱም ወገን የሚገባው በተንኮል አይደለም። ቀጥተኛው መንገድ ስለተዘጋ ነው።

ቀጥተኛውን መንገድ የዘጋው ደግሞ አንድ ትንሽ ቋጠሮ ነው። መኪናዋ በመያዣ ስለተመዘገበች እግዱ ሳይነሳ ስም አይዛወርም። ባንኩ ዕዳው ሳይከፈል እግዱን አያነሳም። ገዢው እግዱ ሳይነሳ 864,500 ብር አይሰጠኝም፤ እኔም ብሆን አልሰጥም። ሦስታችንም ትክክል ነን፤ ሦስታችንም ቆመናል።

ይህን ቋጠሮ ባንኩ ብቻ ሊፈታው ይችላል። ገዢው ገንዘቡን እዚያው ባንክ ውስጥ፣ ያለ ባንኩ ፈቃድ ማንም በማያወጣበት ዝግ ሒሳብ ላይ ያስቀምጥ፤ ባንኩ የራሱን ዕዳ ይቀንስ፣ የእግድ ማንሻ ደብዳቤውን ይጻፍ፣ ስም ሲዛወር የቀረው ለእኔ ይለቀቅ። ገዢው ገንዘብ ከሌለውና ደመወዙ ከበቃ ደግሞ እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ተመዝኖ ዕዳውን ይረከብ። ይህ ሁሉ ዛሬም በሕግ አልተከለከለም። የጎደለው ግዴታ ነው። ብሔራዊ ባንክ የመኪና ብድር ውል ሁሉ የመውጫ አንቀጽ እንዲኖረው ቢያዝ፣ ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅና ከጊዜ በፊት ለሚከፈል ዕዳ ስንት እንደሚጠየቅ ከፊርማ በፊት በብር ተጽፎ እንዲታይ ቢያስገድድ፣ ደላላው ጋ የሚሄድ ሰው ይቀንሳል።

በብሪታኒያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ፣ መኪና በኪራይ ግዢ ውል የወሰደ ሰው ከጠቅላላው ክፍያ ግማሹን ከከፈለ መኪናውን መልሶ ከውሉ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። ለምን ጠላኸው ብሎ የሚጠይቀው የለም። እዚያ መኪናው እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ የአበዳሪው ነው፤ እኛ ጋ በገዢው ስም ሆኖ ስለሚያዝ እንዳለ አምጥተን አንተክለውም። ሐሳቡ ግን ይገባኛል፦ ሰው መኪና ሲመርጥ ሊሳሳት እንደሚችል ሕግ አውጪው አስቀድሞ አስቦበታል።

ፈርሞ ሲሰለቸው የሚመልስ ተበዳሪ ባንክ ያከስራል የሚሉ አሉ። እኔ ምሕረት አልጠየቅኩም። ባንኩ ዋናውን ገንዘብ ሙሉውን፣ እስከዚያች ቀን ያለውንም ወለድ ያገኛል። የሚከስረው እኔ ነኝ፤ ኪሳራዬንም ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ለብዙ ዓመታት በአገራችን መኪና ተነድቶ ከተገዛበት በላይ ይሸጥ ስለነበር ስለ መውጫ የሚጨነቅ አልነበረም፤ የዋጋው መናር ሁሉን ያወጣ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ባትሪው ያረጃል፣ አዲስ ሞዴል በየጊዜው ይገባል። ወረቀት በማመላለስ የሚባክን እያንዳንዱ ወር ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ይቀንሳል።

አሁን አንድ ገዢ አግኝቻለሁ። ቂሊንጦ አካባቢ ግቢ ያለው ቤት አላቸው፤ መኪናዋን ማታ እቤታቸው ቻርጅ ያደርጋሉ። ይዘዋት ዞሩ፣ ወደዷት። ገንዘቡን በዝግ ሒሳብ ለማስቀመጥም ተስማምተዋል። ለባንኩ ደብዳቤ ካስገባሁ ይህ አምስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ገዢው እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል።