ፊት ለፊት ቆሜ ያልሰማሁት ባንድ

«ኮንሰርት ላይ ነው የምሄደው» ሲባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ሁልጊዜ «ላያቸው» ነው። «ልሰማቸው» ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። የሚወደውን የሮክ ባንድ ብሎ ወደ ትልቅ ከተማ የሚጓዝ ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን ያለ ቦታው የሚያፈሰው በዚህች ግስ የተነሳ ይመስለኛል።

እኔም አፍስሻለሁ። ለዓመታት ስሰማው የኖርኩት ባንድ እንደሚመጣ ባወቅሁ ጊዜ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዤ ማለዳ ደረስኩ። በሩ የሚከፈተው ማታ ነበር፤ እኔ ግን ከቀትር በፊት ተሰልፌያለሁ። ውኃ እንኳ አልጠጣሁም፤ መጸዳጃ ቤት ብሄድ ቦታዬን እቀማለሁና። በሩ ሲከፈት ሮጬ ከመድረኩ ፊት ያለውን የብረት አጥር ጨበጥኩ። የድምፃዊውን ላብ አየሁ። የጊታር ተጫዋቹ ጣት ላይ የተጠቀለለውን ፋሻ አየሁ። ከበሮ መቺው ዱላ ሰብሮ ሌላ ሲያነሳ አየሁ። ድምፃዊው ምን እንደዘፈነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነገሩ ምስጢር የለውም። የዘፋኙን ድምፅ ለሕዝቡ የሚያደርሱት ትልልቅ ማጉያዎች ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። የሚያነጣጥሩት ወደ መሃልና ወደ ኋላ ስለሆነ፣ አጥሩ ላይ የተደገፈውን ሰው በአናቱ አልፈውት ይሄዳሉ። ለእሱ የሚተርፈው ከመድረኩ በቀጥታ የሚወጣው የከበሮና የጊታር ጩኸት ነው፤ መሬት ላይ የተደረደሩት የቤዝ (የወፍራም ድምፅ) ማጉያዎች ነጎድጓድ ደግሞ ከሥር ይጨመርበታል። ለፊተኞቹ ተብለው በመድረኩ ጠርዝ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ማጉያዎች አሉ፤ እኔ በቆምኩበት በኩል ግን ለወሬ ነጋሪ እንኳ አንድ አልነበረም።

ወደ ኋላ መሸሽም የራሱ ጣጣ አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። መቶ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የከበሮው ዱላ ሲወርድ ያያል፤ ምቱ ጆሮው የሚደርሰው ግን ከሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ነው። ድምፁ ሲርቅ ይደክማልና በትልልቅ ሜዳዎች መካከል የማጉያ ማማዎች ይተከላሉ፤ ድምፃቸውም ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ይደረግና ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር እኩል ይደርሳል።

መታየት መሰማትን ሲውጠው ምን እንደሚመጣ ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከቢትልስ የበለጠ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1965 በኒው ዮርኩ ሺ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ተጫወቱ። የዘፈናቸው ድምፅ ለሕዝቡ የተሰራጨው ለቤዝቦል ጨዋታ ማስታወቂያ በሚነገርበት የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ነበር። የታዳሚው ጩኸት ሁሉንም ዋጠው፤ እነሱ ራሳቸው የሚጫወቱትን መስማት አቃታቸው። በዓመቱ፣ በኦገስት 1966፣ በሳን ፍራንሲስኮ ካንድልስቲክ ፓርክ ከተጫወቱ በኋላ የኮንሰርት ጉዞን እርግፍ አድርገው ተዉ። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ ይህ ግን አንዱ ነው። ያን ሁሉ ሰው አስቡት፤ አይቷቸዋል፣ አልሰማቸውም።

«ለመስማት ከሆነ ቤት ተቀምጦ ማዳመጥ አይሻልም?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሻልም። በስልክ ማጉያ ውስጥ ቤዝ ጊታር የለም፤ ጥላው ብቻ ነው ያለው። መድረክ ላይ ሲመታ ከጆሮ ቀድሞ ደረት ነው የሚሰማው። ደግሞም የተቀረጸ ዘፈን ሺህ ጊዜ ቢከፈት ያው ነው። በዚያች ምሽት ግን ከበሮ መቺው ጥቂት ይቸኩላል፣ ድምፃዊው የደከመውን ከፍታ ለሕዝቡ ይተወዋል፣ ሶሎው (ጊታሩ ለብቻው ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል) ከለመድነው ሁለት እጥፍ ይረዝማል። አውቶቡስ የሚያስይዘው ይህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የጆሮ መሰኪያ ይዛችሁ ሂዱ። የሚስቅባችሁ ይኖራል፤ ይሳቅ። የሮክ ኮንሰርት ጩኸት 100 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ማለፉ የተለመደ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ደግሞ በዚህ መጠን ላለ ድምፅ ያለ መከላከያ የሚመክሩት የጊዜ ገደብ በቀን 15 ደቂቃ ነው። ኮንሰርቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ከመጀመሪያው ጉዞዬ ስመለስ ጆሮዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጮህብኝ ሰንብቷል።

ያንኑ ባንድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሜ ሄድኩበት። በዚህ ጊዜ አመሻሽ ላይ ነው የደረስኩት፤ ጠጥቼ፣ ተጸዳድቼ፣ ሳልሮጥ ገባሁ። ከመድረኩ ትይዩ፣ መሃል ላይ፣ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን (የድምፅ ማደባለቂያውን) ዘርግቶ የተቀመጠበት አጥር አለ፤ ሄጄ እሱን ተጠግቼ ቆምኩ። ምሽቱን ሙሉ ድምፁ የሚስተካከለው በዚያ ሰው ጆሮ ነው፤ ከአጠገቡ የቆመም እሱ የሰማውን ይሰማል። ማንም አይጋፋበትም። እኔ ከፊቴ አንድ ረጅም ሰው ስለቆመ ከድምፃዊው ያየሁት አልፎ አልፎ ወደ ላይ የሚወረወር ቀኝ እጁን ብቻ ነው።

የባለሙያው ጣት ግን ይታየኝ ነበር። ሶሎ ሊጀመር አንድ ትንፋሽ ሲቀር የጊታሩን መግፊያ በቀስታ ወደ ላይ ገፋ ያደርገዋል፤ ሲያልቅ መልሶ ያወርደዋል። ሁለት ሦስት ዘፈን ካለፈ በኋላ ጣቱን እያየሁ ሶሎ መምጣቱን ቀድሜ ማወቅ ጀመርኩ። ቃላቱን አንድ በአንድ ሰማኋቸው፤ ለዓመታት ተሳስቼ ስዘፍነው የኖርኩት ስንኝም ተገኘ። ወደ መጨረሻው ገደማ ቤዝ ተጫዋቹ አንድ ኖታ ስቶ በማይክሮፎኑ ላይ ሲስቅ ሰማሁት። ማየት፣ አላየሁትም።