ሰርቪስ አለው

የምኖረው ሰርቪስ ውስጥ ነው። ጠዋት ሥራ የሚያደርሰኝም ሰርቪስ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰርቪሱ ሰርቪስ ገባና ሰርቪሴ ደጃፍ ላይ ተገትሬ አረፈድኩ። ይህን ያለ አስተርጓሚ የተረዳ ሰው ወይ የሐዋሳ ተከራይ ነው፣ ወይ አከራይ።

ላልገባው፦ አንደኛው የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ነው። ሌላኛው ጋራዥ ገብቶ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ነው። የእኔው ደግሞ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ድሮ ለማድ ቤትና ለሠራተኛ ማደሪያ ተብሎ የተሠራ፣ ዛሬ ዲግሪ ላለው ሰው የሚከራይ ክፍል ነው። ስፋቱ 3 በ3 ነው። አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በሩን እከፍታለሁ፣ ሽሮዬን አማስላለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ። የግቢው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይዘጋል። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ እሱም ውኃ ከመጣ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሁለቱ ሰርቪሶች ተጋብተዋል ማለት ይቻላል። ጎህ ሳይቀድ ከጓሮ ሰርቪስ የወጡ ልጆች ነጠላቸውን ተከናንበው አስፋልት ዳር የፋብሪካውን ሰርቪስ ይጠብቃሉ። እሱ ካመለጠ ባጃጅ ነው፤ ባጃጁ ደግሞ የዕለቱን ምሳ ይዞ ነው የሚሄደው።

ቃሉ መነሻው ላቲን ነው፤ እዚያ «ሰርቩስ» ማለት ባሪያ ነው። ፈረንሳዮች ተቀብለው ለእንግሊዞች አሳለፉት። እንግሊዞቹ ቤተ ክርስቲያን አስገብተው ጸሎት አደረጉት፣ ጦር ሜዳ ልከው ውትድርና አሉት፣ ቴኒስ ሜዳ ላይ ኳስ አስለጉት። ይህን ሁሉ ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ እኛ መልሰን ጓሮ አስገባነው።

አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። «አገልግሎት» አለን፤ ግን ለደብሩና ለመንግሥት ቢሮ ሰጥተነዋል። ገብርኤል ደጅ «አገልግሎት ላይ ነው» ከተባለ ዲያቆኑ ነው። ቢሮ በር ላይ «አገልግሎት» ተብሎ ከተለጠፈ ነገ ተመለስ ማለት ነው። «አገልግሎት አመለጠኝ» ብሎ ባጃጅ ሲያስቆም ያየሁት ሰው ግን የለም።

ጉዱ የፈላው ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ነው። አጎቴ መዋሸት አይሆንለትም። የልጅቷ አባት «ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?» ሲሉ፣

«ሰርቪስ አለው» አላቸው።

ሰውዬው ከተደገፉበት ቀና አሉ። «እሰይ! ስንት ሰው ይይዛል?»

«ለሁለት አያንስም። ልጅ ሲመጣ ትንሽ ይጠባል።»

«ጋቢና ብቻ ነው ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው። «ሁኔታውስ እንዴት ነው?»

«ዘንድሮ ቀለም ተቀብቷል። ዝናብ ሲጥል ከላይ ትንሽ ያፈሳል እንጂ ሌላ እንከን የለውም።»

«የት ነው የሚያቆመው?»

«ኧረ እሱ የቆመ ነው፤ ከአከራዩ ቤት ጀርባ።»

ዝም ተባለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጠላ ብርጭቆውን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ አባትየው መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪመጣ።

ለካ እሳቸውም የሰርቪስ ሰው ናቸው። 22 ዓመት ከሠሩበት መሥሪያ ቤት የወጡት ሰርቪሳቸውን ተቀብለው ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ገንዘብ ነው። ሕጉ የሥራ ስንብት ክፍያ ይለዋል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ። ሒሳቡን በጣቴ ስቆጥረው ለ22 ዓመት የ8 ወር ደመወዝ መጣልኝ። ጉልበትን በሲሶ የሚተምን ሕግ ከእርሻ ቤት የተቀዳ ይመስለኛል፤ የሲሶ አራሽ ሒሳብ ነው።

እና በዚያ ገንዘብ ምን እንደሠሩበት ልንገራችሁ? ጓሮ ሁለት ሰርቪስ።

«አንዱ ባዶ ነው» አሉት አጎቴን። «ከተጋቡ በኋላ እዚያ ይግቡ። አማቼ ነው ብዬ ግን ኪራይ አልቀንስም።»

ከሠርጉ በኋላ የምኖረው እዚያ ነው። በሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይዘጋል።