ምንም ሳልሰካበት «ሰክተሃል» የሚለኝ ላፕቶፕ

እስቲ ፍረዱኝ። ላፕቶፔ ላይ ምንም አልተሰካም። ገልብጬ አይቻለሁ፣ በስልኬ መብራት ቀዳዳውን አይቻለሁ፤ ባዶ ነው። እርሱ ግን በማያ ገጹ ጥግ «የጆሮ ማዳመጫ» ብሎ ጽፎ ድርቅ ብሏል። ድምፁን ሁሉ ወደሌለ ማዳመጫ እየላከ ስፒከሩን አፉን ዘግቶታል።

ይህ የሆነው ደግሞ ሰኞ ጠዋት፣ የኢንተርኔት ስብሰባ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። የአለቃዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። በምን እንደተስማማሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የምክሩ ነገርማ አይነሳ። «አጥፍተህ አብራው» ተባልኩ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። «የድምፁን ድራይቨር (ድምፁን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አንስተህ እንደገና ጫነው» ተባልኩ፤ ጫንኩ፣ ያውም በራሴ የሞባይል ካርድ! የአጎቴ ልጅ «ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው» አለኝ። እርሱ ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ሳይከፍተው፣ ቀዳዳውን እንኳ ሳያይ፣ «ማዘርቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ነው» አለና የደመወዜን ግማሽ ጠራልኝ። ላፕቶፔን ታቅፌ ወጣሁ።

ለካ በዚያች 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። የማዳመጫው ጫፍ ሲገባ ትገፋለች፤ ላፕቶፑም «ማዳመጫ መጣ» ብሎ ስፒከሩን ያፍናል። ጫፉ ሲወጣ መመለስ አለባት። ቆሻሻ ከያዛት ወይም ከጎበጠች ግን እዚያው ተገፍታ ትቀራለች። ላፕቶፑን አጥፍቼ ማዳመጫውን አሥር ጊዜ ያህል ስሰካና ስነቅል ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የገብስ ገለባ! ቆሎዬን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ መያዜን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ እናንተም ዝም በሉ።

አለቀ ብላችሁ ነው? ስፒከሩ አሁን ይጮኻል። ማዳመጫውን ስሰካ ግን ዘፋኙ የለም፤ መሣሪያው ብቻ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። የግራና የቀኙ ጆሮ የጋራ የኤሌክትሪክ መመለሻ መስመር በደንብ ሳይነካካ ሲቀር፣ በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳው ድምፅ ይጠፋል አሉ፤ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ነው የሚቀዳው። ገመዱን በትንሹ ሳብ አድርጌ ወደ ግራ ሳዘነብለው ዘፋኙ ይመለሳል፤ ስለቀው ይሄዳል። ይህንንም የምጽፍላችሁ ገመዱን በግራ እጄ ይዤ፣ በአንድ ጣት ነው።