ለሚሳኤል ቀን መቁረጥ

እኛ ለሠርግ ቀን ስንቆርጥ የማናየው ነገር የለም። ጾሙ፣ ዝናቡ፣ የአዳራሹ ወረፋ፣ ከዲሲ የሚመጣው አጎት ፈቃድ። ይህን ሁሉ አይተንም አንድ ነገር ይበላሻል። በቀን ቆረጣ የአሜሪካን ፕሬዚዳንቶች የሚያህል የለም። እጃቸው ይባረክ!

ቢል ክሊንተንን እዩልኝ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1998 ከቤተ መንግሥታቸው ተለማማጅ ከሞኒካ ሊዊንስኪ ጋር በነበራቸው ግንኙነት ጉዳይ ለመርማሪ ሸንጎ ቃላቸውን ሰጡ። ማታውኑ በቴሌቪዥን ቀርበው ነገሩን አመኑ። በሦስተኛው ቀን ሚሳኤል አፍጋኒስታንና ጎረቤታችን ካርቱም ላይ ወረደ። እዚህ ነሐሴ 14 ነው፤ ፍልሰታ። ሠርግ የሚባል ነገር የለም። እነሱ ግን ደገሱ። የቴሌቪዥኑ ወሬ ማስረጃ ከሆነው የሞኒካ ሰማያዊ ቀሚስ ወደ ሚሳኤል ዞረ። ካርቱም ላይ የተመታው አል ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ ነበር። ፍርስራሹ ላይ የተበተነውም የመድኃኒት ብልቃጥ ነው።

ሚሳኤሉ የወረደው በናይሮቢና በዳሬሰላም ያሉት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በቦምብ በተመቱ በ13ኛው ቀን መሆኑን አልካድኩም። ምክንያት አለ። ምክንያት መች ጠፍቶ ያውቃል? እኔ የማደንቀው ቀኑን ነው።

ዲሴምበር ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ ሊከሳቸው ሲሰናዳ ባግዳድ ተደበደበች። ክርክሩ በአንድ ቀን ተገፋ። ዲሴምበር 19 ተከሰሱ፤ ድብደባውም በዚያው ቀን አበቃ። አንዲት ቀን እንኳ አልባከነችም።

ሬገንማ የዚህ ሙያ አባት ናቸው። በ1983 ቤይሩት ላይ 241 ወታደሮቻቸው በፈነዳ መኪና ባለቁ በሁለተኛው ቀን ግሬናዳን ወረሩ። 100 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። በዓመቱ ምርጫ ከ50 ግዛቶች 49ኙን ጠራርገው ወሰዱ።

ቀን መቁረጥ ያልሆነላቸው ትልቁ ቡሽ ብቻ ናቸው። የኩዌቱን ጦርነት በፌብሩዋሪ 1991 አሸንፈው ከ100 ሰው 89ኙ ወደዳቸው። ምርጫው ግን ገና 20 ወር ይቀረው ነበር። ድግሱ ቀዘቀዘ፤ ተሸነፉ።

ልጅየው ቡሽ ከአባታቸው ስህተት ተማሩ። በ2002 የቤተ መንግሥታቸው ሹም አንድሩ ካርድ የኢራቁ ጦርነት ቅስቀሳ ለምን እስከ ሴፕቴምበር እንደዘገየ ሲጠየቁ፣ በገበያ ሕግ አዲስ ዕቃ በኦገስት አይወጣም አሉ። ፍልሰታን የሚያውቁ ነው የሚመስለው። ኦክቶበር ላይ ምክር ቤቱ ጦርነቱን አጸደቀ፣ ኖቬምበር ላይ ፓርቲያቸው አሸነፈ። ሜይ 1 ቀን 2003 ፕሬዚዳንቱ የአብራሪ ልብስ ግጥም አድርገው፣ የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ወረዱ። መርከቧ ከሳን ዲዬጎ ብዙም አልራቀችም ነበር። ከኋላቸው «ተልዕኮው ተፈጽሟል» የሚል ባነር ተሰቅሏል።

በ2004 ምርጫው ሲደርስ ጦርነቱ ገና ትኩስ ነበር፤ እሳቸውም ድጋሚ ተመረጡ። ሠራዊቱ ጠቅልሎ የወጣው በ2011 ነው። የቸኮለው ባነሩ ብቻ ነበር።