እናቶቻችንን ስዊት ውስጥ አትቆልፉብን

ሰሞኑን አንድ የጉዞ አማካሪ በቲክቶክ ላይቭ የተናገረውን ጅማ ውስጥ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ክሩዝ በሚባለው የሽርሽር መርከብ ላይ የምታወጡ ከሆነ ተጨማሪውን ከፍላችሁ ስዊት፣ ማለትም ሰፊውንና ውዱን ክፍል ያዙላቸው አለ። ተራ ክፍል ማስገባት ውርደት ነው አለ። ይባስ ብሎ ስዊት ውስጥ ማዕበሉ አይሰማም፣ ለሽማግሌና ለአሮጊት የሚሆነው እሱ ነው ብሎ አረፈው።

ቪዲዮው ተቆርጦ ከስልክ ስልክ ዞረ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ ወሬው እሱ ሆነ። ከቦዬ ኩሬ ሌላ ውሃ የማናይ ሰዎች ስለ መርከብ ክፍል ስንከራከር ከረምን። ለእናቱ ስዊት የያዘ ልጅና ያልያዘ ልጅ የሚባል አዲስ ደረጃም ወጣልን። የሠርግ አዳራሽ ፉክክሩ አልበቃንም ነበርና!

እስቲ ከማዕበሉ እንጀምር። ይሄ ሰውዬ ለመሆኑ መርከብ ላይ ወጥቶ ያውቃል? መርከብ ሲናወጥ ከሁሉ ያነሰ የሚንቀሳቀሰው መሐሉ ነው፤ ያውም ዝቅ ያለው ፎቅ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ጫፍ በተጠጋህ ቁጥር መናወጡ ይብሳል። ስዊቶቹስ የት ናቸው? አብዛኞቹ ላይኞቹ ፎቆች ላይ፣ ብዙዎቹም ጫፍ ላይ። የሚሸጠው እይታ ነዋ! ሆድ የሚያረጋጋው ክፍል መሐል ላይ፣ ዝቅ ብሎ ያለው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ዘመናዊ መርከቦች ከጎናቸው የሚዘረጋ ማረጋጊያ ክንፍ አላቸው፤ እሱም የሚሠራው ለመርከቡ በሙሉ እንጂ ለስዊት ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጅማ የጊቤን ቁልቁለት አውቶቡስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የወረደ ሰው ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል። አማካሪው ግን ሽማግሌዎቻችንን ከሁሉ የሚያናውጠው ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ለዚያውም እጥፍ ሊያስከፍል ነው።

ይሄ ግን ትንሹ ነገር ነው። እኔን ያናደደኝ በሩ ነው።

ክሩዝ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስዊት ሲሸጡ ሰፊ ክፍል ብቻ አይደለም የሚሸጡት። መርከቡ ውስጥ ሌላ መርከብ ነው የሚሸጡት። ኤም ኤስ ሲ ያክት ክለብ የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2008 ፋንታዚያ በተባለው መርከቡ ላይ ጀመረ። ኖርዊጂያን ሄቨን አለው። ሴሌብሪቲ ሪትሪት ይለዋል። ሮያል ካሪቢያንም ለስዊት ሰዎች ኮስታል ኪችን የሚባል ምግብ ቤት አለው። የራሳቸው ምግብ ቤት፣ የራሳቸው ሳሎን፣ አንዳንዱም ጋ የራሳቸው መዋኛ። በሩ የሚከፈተው በክፍል ካርድ ነው። ካርድህ የስዊት ካልሆነ አትገባም። ልጅ ሁን፣ የልጅ ልጅ ሁን፣ በሩ ዘመድ አያውቅም።

አሁን የኛ ሰው እንዴት እንደሚይዝ አስቡ። ልጆቹ ሚኒሶታ ናቸው እንበል። ሦስት ወንድምና እህት ገንዘብ ያዋጣሉ። ለሁሉም ስዊት መያዝ አይቻልም፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ በረንዳ ካለው የባልኮኒ ክፍል እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ እናትና አባት ላይ ስዊት፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ታች፣ መስኮት የሌለው ክፍል። ልጆቹ መሥዋዕት የሆኑ ይመስላቸዋል። በተግባር ያደረጉት ግን ወላጆቻቸውን ከራሳቸው መለየት ነው።

የሰፈራችን አንዲት እናት ላይ የደረሰው ልክ ይሄ ነው። እማማ ነው የምንላቸው። የየትኛው ኩባንያ መርከብ እንደነበር እዚህ አያስፈልግም። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት እማማ ላይኛው ምግብ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ነጭ ጨርቅ፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ ሹካ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ አስተናጋጅ። የልጅ ልጃቸው፣ ገና ወተት ጥርሱን እየነቀለ ያለ ልጅ፣ ተከትሏቸው መጣ። በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ጎንበስ ብላ በፈገግታ ካርዱን ጠየቀችው። ካርዱን አስነካ። አልከፈተም። ደግሞ አስነካ። እንደገና እምቢ አለ። ልጅቷ ምንም ክፉ አልተናገረችም፣ ደንብ ነው ያስከበረችው። እጁን ይዛ ሊፍቱ ድረስ ሸኘችው። እማማ ይሄን ሁሉ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው ያያሉ።

ሹካውን አስቀምጠው ተነሱ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ምግብ ቤት አልገቡም። ሲያወሩኝ «ምግቡስ ደህና ነበር ልጄ፣ ከማን ጋር ልብላው?» ነው ያሉት።

አማካሪው መልስ እንዳለው አውቃለሁ። ታዲያ ታች ወርደው ከልጆቻቸው ጋር ቡፌ አይበሉም ወይ ይላል። ይበላሉ እንጂ! የተቀሩትን ቀናት በሙሉ ቡፌ ነው የበሉት። እንግዲያ ላይኛው ምግብ ቤት ለምን ተከፈለበት? ላይኛው መዋኛስ? ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ለመሆን በየቀኑ ከስዊቱ እየሸሹ ከነበር፣ ልጆቹ የከፈሉት እናታቸው ለሸሹት ነገር ነው። እዚህ ብቻውን የሚበላን ሰው ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን። እናትህን ሰባት ቀን ከጉርሻ ለይተህ አክብሬያታለሁ ማለት ምን የሚሉት ክብር ነው?

ደግሞ የሚሰጠውን ተመልከቱ። በትለር አለ ይሉሃል። ሻንጣ ፈትቶ ልብስ የሚሰቅል። የኔ እናት ሰው ቤት ቡና ስትጠጣ እንኳ የሚቀዳላትን ልጅ «አረፍ በል አንተ ልጅ» የምትል ሴት ናት። በሶና በርበሬ የታጨቀ ሻንጣዋን የማታውቀው ጎልማሳ ሊከፍተው? ያክት ክለብ ዋጋ ውስጥ መጠጥ ተካቷል ይላል። ጅማ ነው ያለነው ወንድሜ። ሐጂ አባቱን ይዞ የሚሄድ ልጅ ለስንት ጠርሙስ ነው በአባቱ ስም የሚከፍለው? በጣም ያሳቀኝ ደግሞ ብዙ ስዊት ውስጥ የካፕሱል ቡና ማሽን መኖሩን እንደ ትልቅ ነገር መናገሩ ነው። ለጅማ ሰው! ቡና!

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ልጆቹ ከኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ወጥመድ ግን ልጥቀስ። ክፍል ከያዝክ በኋላ ኢሜይል ይመጣልሃል፣ ለስዊት ተጫረት የሚል። የምትጎትታት መስመር አለች፣ ዋጋውን ከፍ ባደረግህ ቁጥር ዕድልህ ጥሩ ነው እያለች ታባብልሃለች። የምትጽፈው ዋጋ ለአንድ ሰው ነው። ሂሳቡ የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። 300 ዶላር ብለህ ላክህ ማለት 600 ተቆረጠብህ ማለት ነው። አንዴ ከተቀበሉህ መመለስ የለም። ክፍሉ የት እንደሚሆን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ከልጆችህ ክፍል አጠገብ ሆነህ ከነበር ደህና ሰንብት። ቲፑም ይጨምራል፤ ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው ዋጋ ለተራ ክፍል በሰው በቀን 18 ዶላር፣ ለስዊት 20.50 ዶላር ነበር። ይሄን ላይቭ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በተራ ክፍል ያለ ሰውስ ምን ጎደለበት? አይከን ኦፍ ዘ ሲስን ውሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረውን። 20 ፎቅ ነው። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ሲያዝ 5,610 መንገደኛ ይጭናል። 7 መዋኛ፣ 6 የውሃ መንሸራተቻ አለው። ከታችኛው ክፍል ለወጣ ሰው ቲያትሩም፣ ቡፌውም፣ መዋኛውም ክፍት ነው። ወደቡም ያው ወደብ ነው። ስዊት የያዘ ሰው ሌላ ደሴት አይወስዱትም። በእርግጥ እዚያው መርከብ ላይ ሦስት ፎቅ ያለው፣ ውስጡ መንሸራተቻ የተገጠመለት የቤተሰብ ስዊት አለ። ያ እንኳ ቤተሰቡን በአንድ በር ያስገባል። ግን ያን የሚከፍል ሰው የማንንም ምክር አይፈልግም።

እሺ፣ ጫጉላ ላይ ላሉ ሁለት ሰዎች ስዊት ደስ ይላል፤ እነሱ መለየቱን ራሱ ነው የሚፈልጉት። ወደ ትንሽ ጀልባ ተሸጋግረህ የምትወርድበት ወደብ ላይም የስዊት ሰዎች ቀድመው ይወርዳሉ፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ሰልፉ መቅረቱ አይናቅም። ግን ለጉልበት ሕመምተኛ ዊልቸርና እርዳታ በተራ ክፍልም ይጠየቃል። ለዚያ ሲባል እጥፍ አይከፈልም።

እናትህን ማክበር ከፈለግህ መንገዱ ይኸውልህ። መሐል ላይ፣ ብዙም ከፍ ያላለ ፎቅ ላይ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት የባልኮኒ ክፍሎች ያዝ። ብዙ መርከቦች ላይ በባልኮኒዎቹ መካከል ያለው መለያ ይከፈታል፤ ክፍል የሚያጸዳውን ሠራተኛ ጠይቀው። ከከፈተልህ እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ የሚመላለስበት አንድ ረጅም በረንዳ ሆነልህ ማለት ነው። ስትይዝ ግን የሚከፈት መሆኑን አረጋግጥ፣ ሁሉም አይከፈትም። ከስዊቱ ዋጋ የተረፈህ ገንዘብ ካለ ደግሞ የቀረችውን አክስት ጨምራት።

አማካሪው ለምን ይህን እንደማይነግረን አይጠፋኝም። ኮሚሽን የሚታሰበው ከዋጋው ላይ ነው። ስዊት ሲሸጥ የሱም ድርሻ አብሮ ያድጋል። መብቱ ነው፣ ይሥራ። ግን እንጀራውን የልጆችን የጥፋተኝነት ስሜት እየቆሰቆሰ አይጋግር። ውርደት የምትል ቃል ወስዶ በእናቶቻችን ስም አይነግድ። ለሚቀጥለው ላይቭ ደግሞ የመርከቡን የፎቆች ካርታ ስክሪኑ ላይ ያውጣው። ስዊቱ የት እንደሆነ በጣቱ ያሳየን። ከዚያ የልጅ ልጅ በየትኛው ካርድ እንደሚገባ ይንገረን።